የዘንዶው ድርሻ

የጥሊያንን ዘመን እንዳወራ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚፈልጉት ጀግና ነው። ተኩስ ይፈልጋሉ፤ ፉከራ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ከዚያ ዘመን አብልጦ የቀረኝ ድካሙ ነው። መቅበር ይደክማል፤ መሸሽ ይደክማል፤ መፍራት ራሱ ከእርሻ በላይ ይደክማል። ስለዚህ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ሄጄ አራት ቀን የጠበቅሁትን። ተኩስ የለበትም።

ማንጠግቦሽ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቀያችን ከዳሞት ደጋ ግርጌ ነው፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ ወደ ላይ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሥዕሉን ቤት ውስጥ በሸማ ላይ ሠርተው ኋላ ነው ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ የሚለጥፉት፤ ስለዚህ እኔ ልጃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም እየወቀጥሁ አጠገባቸው አደግሁ። እናቴን አላስታውሳትም። አባቴ ጥሊያን ከመግባቱ በፊት ሞቱ። ባሌ ካሴ ከአርበኞች ጋር ወጣ፤ በዓመቱ መሞቱን ነገሩኝ፤ ሬሳውን አላየሁም። ከዚያ በኋላ ከአክስቴ ቤት አንድ ጥግ ይዤ መኖር ጀመርሁ። አሁን ሳስበው ዕጣ ከመውጣቱ በፊትም እኔ የወጣሁ ሰው ነበርሁ።

በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከቀያችን በታች ባለው የወንዝ መሻገሪያ አርበኞች የጥሊያንን ስንቅ የጫኑ በቅሎዎች መቱ። የእኛ ሰው አልነበረበትም፤ መሬቱ ግን የእኛ ነው። በሳምንቱ ከቡሬ ምሽግ አንድ ባንዳ ተላከ። ከጭቃ ሹማችን ከአያ ደምሴ ቤት ገብቶ ጠላውን ጠጣና መልእክቱን ተናገረ። አሥር ጠመንጃ ይግባ፤ ለምሽጉ አለቃም ቤቱን የምትይዝለት፣ መልኳ የማያስከፋ፣ ባል የሌላት አንዲት ሴት ትላክ። በስምንት ቀን ውስጥ ካልሆነ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀዬ የደረሰበት ይደርስብናል። እዚያ የደረሰውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። ጢሱ ሦስት ቀን ቆይቷል።

ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ጠመንጃ ከየት ይምጣ፤ ያለው ሁሉ ከወንዶቹ ጋር ጫካ ገብቷል። ሴት ግን አለ።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለ አንዱ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ጠመንጃውን የለንም ብለን እንማልላቸው፣ አለቃው ሴቷን ሲያይ ልቡ ይበርድ ይሆናል ተባለ። ማን ትሂድ የሚለው ሲመጣ ግን የራሱን ልጅ የጠራ አልነበረም። በመጨረሻ «ዕጣ ይጣል፤ ዕጣ የእግዜር ነው» ተባለና ሁሉም በዚያ ተስማማ።

ዕጣውን የጣሉት የኔታ ወልደ ትንሣኤ ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ በቀያችን የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ባል የሌለን ሴቶች ሰባት ነበርን። ስማችንን በብራና ቁራጭ ጻፉና ከቅል ውስጥ ከተቱት። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡና ለዓይናቸው አቀረቡት። ብዙ ቆዩ።

«ማንጠግቦሽ» አሉ።

ያን ጊዜ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልቅሶ አይደለም። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው የሰማሁት። የአያ ደምሴ ልጅ ጥሩአየሁ ከጎኔ ቆማ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ለቀቀችኝ።

በማግሥቱ ጧት ከየኔታ ጋር ወጣሁ። ሽማግሎቹ ጎልማሳ ወንድ ቢልኩ እንደሚታሰር አውቀዋል፤ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ ግን ማንም አይነካውም ብለው እሳቸውን መረጡ። በእጃቸው ከአያ ደምሴ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤውን የጻፉትም ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ መጻፍ የሚችል ሰው የለም። ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር በየአቀበቱ እየቆምሁ እጠብቃቸዋለሁ። እስቲ አስቡት፤ ወደምሰጥበት ቦታ የሚወስዱኝን ሰው እጃቸውን ይዤ ነበር ድንጋይ የማሻግራቸው።

የኔታ ዝም ብለው መሄድ አልቻሉም። ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን በወሬ ሊሸፍን ሲፈልግ እንዴት እንደሚያወራ ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ «ይኸ ነገር ባንቺ አልተጀመረም። በአክሱም ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ነበር። ሕዝቡ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ይገብርለታል። ካልገበሩለት አገሩን ያጠፋል። ኋላ አንድ ሰው መጣና ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ለዘንዶው ሰጠው። ዘንዶው በልቶ ሞተ፤ ሰውየውም ነገሠ።»

«ከፍየሏ በፊት ስንት ልጃገረድ ተበላ?»

«አልተጻፈም።»

«ስማቸውስ?»

«እሱም አልተጻፈም» አሉና ምርኩዛቸውን ወደፊት ተከሉ።

ቀትር ላይ ከአንድ ምንጭ አጠገብ አርፈን በሶ በጠበጥሁላቸው። ጥቂት ጠጡና ሌላ ጀመሩ። ዮፍታሔ የሚባል የእስራኤል መስፍን ለጦርነት ሲወጣ፣ ድል አድርጌ ብመለስ ከደጄ ቀድሞ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ ተሳለ። ድል አደረገ። ሲመለስ አንዲት ልጁ ከበሮ እየመታች ወጣች።

«ምን አለችው?» አልሁ።

«ቃልህን ፈጽም አለችው። ሁለት ወር ብቻ ስጠኝና ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥቼ ላልቅስ አለች። ሰጣት። አልቅሳ ተመለሰች።»

«ተመለሰች?»

«ተመለሰች።»

«ተራራውን አንዴ ከወጣች ምን መለሳት?»

«ቃል ነዋ፣ ልጄ። ቃል።»

ዘወር ብዬ የዳሞትን ደጋ አየሁት። ደመናው ወገቡ ላይ ተኝቷል።  የበሶውን ዋንጫ አለቀለቅሁና ተነሣሁ።

ማንኩሳ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። የኔታ የሚያውቁት አንድ አሞሌ ጨው የሚነግድ እስላም ነበር፤ አያ ሰይድ ይባላል። ከሱ ቤት አደርን። ሚስቱ ዘይነብ እግሬን አይታ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አመጣችልኝ። ክርስቲያን መሆናችንን ስለሚያውቁ ሥጋቸውን አላቀረቡልንም፤ ቆሎና የሽንብራ ንፍሮ ሰጡን። አያ ሰይድ የኔታን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደብዳቤውን አየ።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ወደ ቡሬ። ለጉዳይ።»

«ጉዳዩ ይቺ ናት?»

የኔታ ቆሎውን ያሹ ጀመር። አያ ሰይድ የሰውን ፊት ሲያነብ የኖረ ነጋዴ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ትንሽ ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን እንደሚያወራ ሰው «ይኸ አባይ፣ ከሰከላ የሚወጣው፣ ግብፅ ድረስ እንደሚወርድ ያውቃሉ አይደል?» አለ።

«ማን የማያውቅ አለ።»

«ሼካችን ሲያስተምሩ የሰማሁት ነው። የግብፅ ሰዎች በጥንት ዘመን በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ እንደ ሙሽራ አስጊጠው ወንዙ ውስጥ ይጥሉ ነበር። ካልጣልን አይሞላም ይላሉ። እስላም አገሩን ሲይዝ ገዢው ከለከላቸው። ወንዙም ሳይሞላ ቀረ። ሕዝቡ በረሃብ ሊሰደድ ሆነ። ገዢው ጨነቀውና ወደ ኸሊፋው፣ ወደ እስላሞቹ ንጉሥ፣ ጻፈ። ኸሊፋው አንዲት ወረቀት ላከለት። ለወንዙ የተጻፈች ናት። በራስህ ፈቃድ የምትፈስ ከሆነ አትፍሰስ፤ በአላህ ፈቃድ ከሆነ ግን አላህን እንለምናለን ትላለች። ወረቀቷን ውሃው ውስጥ ጣሏት።»

«እሺ?» አልሁ ሳላስበው።

«ሞላ። ሌሊቱን ሞላ።» አያ ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ግን ይኸን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ከወረቀቷ በፊት የተጣሉትን ነው። ወላሂ፣ ወንዙ መቼም ሴት ስጡኝ አላለ። ማን ነው ሴት ይፈልጋል ብሎ የጀመረው?»

የኔታ ጸሎቴን ላድርስ ብለው ተነሡ። ወደ ውጭ ሲወጡ ምርኩዛቸውን ረስተውት ሄዱ።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ ስንጓዝ የኔታ ተረት አቆሙ። አሁን ያወራሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን አንድ ነገር ሲቆረቁረኝ ነበር ያደረው።

«የኔታ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሷ ልጅስ? አባቴ ስንት ጊዜ ሥለዋታል። በበይሩት ለዘንዶ የተሰጠችው፤ ዛፍ ላይ የምትቀመጠው።»

«እሷም እንዲሁ ናት» አሉ ሳያዩኝ። «በየተራ ልጅ ይገብሩ ነበር። ዕጣ ወጣባት። ሰማዕቱ ደርሶ አዳናት።»

«አባቴ ፈረሱንና ዘንዶውን ጨርሰው መጨረሻ ላይ ነበር እሷን የሚሥሉ። ቀለም ካለቀ በተረፈው ነው። ለልብሷ ግን ምንጊዜም ቀዩን ያስቀሩላት ነበር። ለምን ብላቸው የንጉሥ ልጅ ናት አሉኝ።»

የኔታ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። እኔም ቀጠልሁ።

«የንጉሥ ልጅ ናት። ዕጣው ለንጉሡ ልጅ ወጣ፤ ንጉሡም እያለቀሰ ሰጣት። ዮፍታሔም የሰጠው የራሱን ነው። እኛ ቀዬ ግን ቅሉ ውስጥ የጭቃ ሹሙ ልጅ ስም ነበረ፤ የሽማግሎቹ ልጆች ስም ነበረ፤ የወጣው አባት የሌላት ልጅ ስም ነው። የኔታ፣ ዕጣ እንዲህ ያውቃል?»

ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ልደግፋቸው ቀረብሁ። እጄን አልያዙትም። ጥምጥማቸውን አወረዱና ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት። መላጣ ራሳቸውን ፀሐይ ሲመታው አየሁ፤ የሳቸውን ራስ ተገልጦ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ብራናው ላይ የነበረው ጥሩአየሁ ነው» አሉ።

ጥምጥማቸውን በጣታቸው እየነካኩ ቀጠሉ።

«ቀና ስል አያ ደምሴ ሲያየኝ አየሁት። ምንም አላለኝም። ማየት ብቻ ነው ያየኝ። ተማሪዎቼ የሚበሉት ከሱ ጎተራ ነው፤ የጎጆዬን ሣር የሚከድነው እሱ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ልጄ። ዓይኔ ጥሩአየሁን አነበበ፤ አፌ አንቺን ጠራ።»

ብቆጣ ደግ ነበር። ጩኺ ጩኺ፣ ድንጋይ አንሥተሽ ማጅራታቸውን በያቸው ቢለኝ ደግ ነበር። ግን ምንም አልመጣልኝም። ልቤን ስፈትሸው የቆየ ድካም ብቻ አገኘሁ። እኔም ከሳቸው ራቅ ብዬ ቁጭ አልሁ። ቡሬ ከፊታችን ይታያል፤ ከምሽጉ ላይ ባንዲራቸው ይውለበለባል። ሁለታችንም እሱን ስናይ ቆየን።

«እንግዲህ የዮፍታሔን ልጅ ሁለት ወር ለኔም ይስጡኝ» አልሁ በመጨረሻ።

ገባቸው። «ተራራው ያውልሽ» አሉ።

«እኔ ግን አልመለስም።»

«አትመለሽ።»

ተነሥቼ ጥቂት ራመድሁና ቆምሁ። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ የአክስቴ ልጆች ትዝ አሉኝ። የወንዙ ማዶ ጢስ ትዝ አለኝ።

«ቀዬው ቢቃጠልስ?»

«እሱ የኔ ይሁን» አሉ የኔታ። ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ። «ያ እስላም ትላንት የነገረን ለኔ ነው። ወረቀቷን ብቻዋን ይዣት እወርዳለሁ። ሴቷ በመንገድ ሞተች እላለሁ። ከገደሉኝ ይግደሉኝ፤ ስድሳ ዓመት ይበቃል።»

ምርኩዛቸውን ይዘው እያነከሱ ወረዱ። አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም።

ወደ ተራራው አልሄድሁም። ሄጄ ብቀር ኖሮ ታሪኬ ያማረ ይሆን ነበር። ወደ ማንኩሳ ተመልሼ ከአያ ሰይድ ደጅ ቆምሁ። ዘይነብ ምንም ሳትጠይቀኝ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከከተማዋ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ እየወጣሁ ወደ ቀያችን አቅጣጫ ጢስ እፈልጋለሁ። በሁለተኛው ቀን ዘይነብ ተከትላኝ መጣች።

«ቢያቃጥሉት እሳቱን ያነደድሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጢሱን አየሁት። ጥቁር ሆኖ ከኮረብታው ጀርባ ተነሣ። አልጮኽሁም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና ወደ ቡሬ መሮጥ ጀመርሁ። ብደርስ፣ ይኸው መጣሁ ብላቸው፣ ከቤቱ ሁሉ ግማሹ ይተርፍ ይሆናል ብዬ ነው። ዘይነብ ከኋላዬ «ማንጠግቦሽ! ማንጠግቦሽ!» ትላለች። ትንፋሼ እስኪያልቅ ሮጥሁ። ከአንድ እርሻ ዳር ስደርስ መንሽ የያዘ ገበሬ አየኝና «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ጢሱን አሳየሁት።

«እሱ የአማቼ ማሳ ነው፤ ምንጣሮ እያቃጠለ ነው» አለኝ።

እዚያው እርሻው ላይ ተዘረጋሁ። ዘይነብ ደርሳ ራሴን ታፋዋ ላይ አኖረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው። ለቀዬው አልነበረም። ማንም ሳይጎትተኝ፣ ዕጣ ሳይወጣብኝ፣ በራሴ እግር ወደ ዘንዶው ስሮጥ ራሴን ስላገኘኋት ነው።

የኔታ በአራተኛው ቀን ተሲያት ላይ መጡ። ልብሳቸው በኖራ ነጭ ሆኗል፤ መዳፋቸው ተልጧል። አያ ሰይድ ወንበር አቀረበላቸው። ውሃ ጠጡ፤ ደገሙ።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«ምንም አላሉ።» ሳቅ የሚመስል ነገር ከጉሮሯቸው ወጣ። «ያ አለቃ የለም፣ ማንጠግቦሽ። መልእክቱ ቀያችን በደረሰ በማግሥቱ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። አዲሱ አለቃ ደብዳቤውን አስነበበና ሴት ላኩ ያለው ማነው አለ። ስለ ጠመንጃም የሚያውቀው ነገር የለም። እዚህ ከመጣ አይቀር ብለው ድንጋይና ኖራ አሸከሙኝ፤ ሲበቃቸው ሂድ አሉኝ።»

ለካ ቀያችን ለማንም አልነበረም የሰጠኝ።

«የምሽጉ አስተርጓሚ ጥሊያን ቀድሞ ከያዘው ከባሕር ምላሽ አገር የመጣ ሰው ነው» አሉ የኔታ። «ስለምን እንደመጣሁ ሲሰማ በጥሊያኖቹ ተማሪ ቤት ያየውን ሥዕል ነገረኝ። እነሱም ከግሪኮች የወረሱት ተረት አላቸው። አንዲት ልጅ ለባሕር አውሬ ከዓለት ላይ ታስራ የምትጠብቅ።»

«ማን አሰራት?»

«አባቷ። ንጉሥ ነው አለኝ።»

«ስሟስ?»

«ነግሮኝ ነበር» አሉ የኔታ። «ረሳሁት።»

እናንተ ይኸን የምታነቡ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወደ ቀዬው አልተመለስሁም። የኔታ ተመለሱ፤ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ያደረጉትን ተናገሩ። አያ ደምሴ ጎተራውን ዘጋባቸው፤ ተማሪዎቹ ተበተኑ። ቀዬው ያን ዓመት አልተቃጠለም። በሚቀጥለው ዓመት ተቃጠለ፤ በሌላ ምክንያት፣ በሌላ አለቃ፤ ያን ጊዜ ሴት የጠየቀም የለም። አክስቴና ልጆቿ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ ሸሽተው ተረፉ። እኔ ጥሊያን ሲወጣ ፍኖተ ሰላም ገብቼ ጥጥ መፍተልና ጠላ መሸጥ ያዝሁ። የኔታም አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ወደዚያችው ከተማ መጡና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትንሽ ጎጆ ቀለሱ። ይቅር አልኋቸው ልበላችሁ? አላልኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እስኪሞቱ ድረስ ግን እንጀራ ወስጄላቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ተረት ስሰማ እንደ ሌላው ሰው ዘንዶውን አላይም። የአክሱሙም፣ የበይሩቱም፣ የአባዩም፣ የግሪኩም ዘንዶ መልኩ ይለያያል፤ አንዱ እባብ ነው፤ አንዱ ወንዝ ነው። ልጅቱን ወስዶ የሚያደርሳት ግን በሁሉም ዘንድ አባቷ ወይም ጎረቤቷ ነው። ለዘንዶው ገዳይ ይዘፍኑለታል። አድርሶ የተመለሰው ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደበላ የሚተርክ የለም። አስታውሱልኝ የምላችሁ እሱን ነው። ዕጣ የእግዜር ነው ሲባል ስትሰሙ፣ ብራናውን እኔም ልየው በሉ። ሌላ ምክር የለኝም።

የኔታ የተቀበሩ ቀን ጥሩአየሁ ለቀብር መጣች። ሁለታችንም ፀጉራችን ሸብቷል። ለቅሶው ሲበተን ከአጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። 

«ስሜ እንደ ወጣ ያን ጊዜ አላወቅሁም» አለች። «ግን ልዋሽሽ አልችልም። ያንቺን ሲጠሩ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አየኋት። 

«ያንቺን ጠርተው ቢሆን» አልኋት «እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»